መልኳ የጥንት፣ ሆዷ የዘንድሮ

ሬሳውን ያገኙት ሽማግሌው ላሜራ ቀጥቃጭ ናቸው። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጋራዡን በር ከፍተው ገቡ፣ መብራቱን አበሩ፣ አንድ ጊዜ ጮኹና ድምፃቸው ተዘጋ። ለፖሊስ የደወለችው ከፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ ናት። እሳቸውማ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ከማርገብገብ በቀር ምንም አልቻሉም።

ኢንስፔክተሩ የሚቸኩል ሰው አይደለም። ጣቢያ ውስጥ ከኋላው «ቀስ በቀስ» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፣ ቅርም አይለውም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሬሳ ሲያይ ስለኖረ ከድንጋጤ ጋር የተፋታ ይመስለው ነበር። ያ ሳምንት ግን ለሃያ ሦስቱም ዓመት የሚበቃ ድንጋጤ ይዞለት መጥቷል።

የጋራዡ በር ላይ በትልልቅ ፊደል «መልኳ የጥንት፣ ሆዷ የዘንድሮ» ተብሎ ተጽፏል። ኢንስፔክተሩ አነበበና የነጋዴ ጉራ ነው ብሎ አለፈው። ውስጥ መሐሉ ላይ አንዲት ሰማያዊ መኪና ቆማለች። ዓይኖቿ ክብ፣ አፍንጫዋ ረጅም ነው፤ የእሱ አባት ጎረምሳ ሳሉ ሰው ሁሉ ዞር እያለ የሚያያት ዓይነት። ግን አንዲት ጭረት የለባትም፤ ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ትመስላለች። መሪው ጋ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ራሱን መስኮቱ ላይ ዘንበል አድርጎ ተቀምጧል። ከጭስ ማውጫዋ ጋር አረንጓዴ የውሃ ቱቦ በፕላስተር ተጠምጥሞ ታስሯል፣ ሌላው ጫፍ በኋላ መስኮት ገብቷል፣ ክፍተቱ በጨርቅ ተወትፏል። ቁልፉ እንደዞረ ነው።

«ራሱን ነው የገደለው» አለች ሳጅኗ። እሷ ደግሞ በተቃራኒው ፈጣን ናት። «ሲያበቃ ነዳጁ አልቆ ጠፍታለች። በሩም ሲሳብ ራሱን የሚቆልፍ ነው።»

ኢንስፔክተሩ መልስ ሳይሰጣት የሟች ሚስት ደረሰች። አጠር ያለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የጠቀለለች፣ ጣቶቿ የሠራተኛ የሆኑ ሴት። በሩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም። ባሏን አየች፣ ከዚያ ዓይኗ ቱቦው ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«እህቴ፣ አዝናለሁ። ባለቤትሽ ጭሱን ወደ ውስጥ አስገብቶ…»

«የምን ጭስ? ይቺ መኪና እኮ ሞተር የላትም!»

ሄዳ ኮፈኑን ብድግ አደረገችው። ኢንስፔክተሩ አጎንብሶ ተመለከተ። ሞተር መኖር በነበረበት ቦታ ምንጣፍ የተነጠፈበት ባዶ የሻንጣ ማስቀመጫ አለ።

«ጭስ ማውጫ አላት እኮ» አለ፣ ሲናገረው ለራሱም እያስጠላው።

«ለጌጥ ነው። ደንበኞች ያለሱ ቂጧ ባዶ ይመስላል ይላሉ።» ኮፈኑን እንደያዘች ቀጠለች። «እኛ አሮጌ መኪና እንወስዳለን፣ ሆዷን አውጥተን በኤሌክትሪክ እንሠራታለን። መልኩ የባሌ ነው፣ ላሜራው የእኚህ የጋሼ፣ ኤሌክትሪኩ የኔ። የድሮ ሞተሯን ድምፅ እንኳ ቀድተን በድምፅ ማጉያ አስገብተንላታል፤ ቁልፉ ሲዞር የምትጮኸው እሱን ነው።»

«ታዲያ ቁልፉ ዞሮ ለምን ዝም አለች?» አለች ሳጅኗ።

«ባትሪዋ አልቆ ይሆናል» አለች ሴትየዋ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

እኩለ ቀን ላይ ሐኪሙ ደወለ። «ጭስ? አንድ ትንፋሽ አልገባበትም። ማጅራቱን በከባድ ብረት ተመትቶ ነው የሞተው። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘጋና ለሳጅኗ ነገራት። ሰው ገድሎ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በሌለ ጭስ ራሱን ገደለ ማሰኘት፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም።

የሟች ሚስት ከሰዓት በኋላ ጣቢያ መጥታ ቃሏን ሰጠች። እሁድ ምሳ ከአማቷ ጋር በላች፤ ባሏ ወደ ጋራዥ ሄደ፤ አማቷ በክፍላቸው እሷም በክፍሏ ጋደም አሉ። አማትየዋም በስልክ ተጠይቀው «አዎ፣ አብራኝ ነበረች» ብለዋል።

«አንድ ነገር ልበል?» አለች ልትወጣ ስትል። «ይህን ያደረገ ሰው መኪናዋ ሞተር እንደሌላት አያውቅም ማለት ነው።»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር። ማነው የማያውቀው?»

ሴትየዋ አቀረቀረች። «ይሄ ከእኔ አፍ ባይወጣ ይሻላል።»

«ይውጣ ግዴለም።»

ቀስ ብላ ነገረችው። መኪናዋ የሟች አባት መኪና ናት። አባት ከሞቱ በኋላ ጓሮ ቆማ ስትዝግ ሟች የዛሬ ዓመት አስጎትቶ ጋራዥ አስገባት። ታናሽ ወንድሙ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ሊሸጣት ነው ብሎ ሰፈር ሙሉ እየሰማ ተጣላው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ሟች ግን የሚያድሳት ለዚያው ለወንድሙ ነበር። ልደቱ ቀን በር ላይ አቁሟት ቁልፉን ሊወረውርለት፣ የአባታቸውን ሞተር ድምፅ ሊያሰማው። ሚስቱ፣ እናቱና ላሜራ ቀጥቃጩ ምስጢሩን ሊጠብቁ ቃል ገብተዋል።

«ስለዚህ ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ የማያውቀው አንድ እሱ ብቻ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሴትየዋ ተነሥታ ወጣች። ኢንስፔክተሩ ነገሩን በልቡ ደመረው። ስጦታ የተዘጋጀለት ሰው ስጦታ ሰጪውን ገድሎ፣ ሬሳውን በዚያው በስጦታው ውስጥ አስቀምጦታል ማለት ነው።

ሹፌሩን ከአውቶቡስ መናኸሪያ አመጡት። ዓይኑ አብጧል፤ የሥራ ሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል።

«እሁድ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«ባለሱቋ አሥር ሰዓት ላይ የጋራዡን በር ስታንኳኳ አይታሃለች።»

ሰውየው እጁን አየ። «እናቴ ታረቁ እያለች ስትለምነኝ ከረመች። ሄድኩ። አንኳኳሁ። አልከፈተልኝም።»

«አልነበረማ።»

«ነበረ እንጂ! የአባቴ መኪና ሞተር እየሠራ ነበር። እኔ ለዚያ ሞተር አዲስ አይደለሁም ጌታዬ፤ ሲሞቅ እንዴት እንደሚንተባተብ እንኳ አውቃለሁ። ሰምቶኝ ዝም አለኝ። ተናድጄ ሄድኩ።»

«ለምን ዋሸኸን?»

«ወንድሜ ሞቷል ስባል፣ እኔማ ትናንት ሰድቤው ነው የሄድኩት ልበል?»

ኢንስፔክተሩ ፊቱን እያጠና «መኪናዋ ሞተር የላትም» አለው። «ያንተን ልደት ነበር የሚጠብቀው። ላንተ ነው ያደሳት።»

ሹፌሩ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወረደና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሳጅኗ ወደ ኢንስፔክተሩ ጆሮ ጠጋ ብላ «ጥሩ ተዋናይ ነው» አለች። የጣቢያው አዛዥም ማምሻውን ደውሎ በአንድ ቀን ተጠናቀቀ፣ ጎበዝ አለው። ቀስ በቀስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለና ሹፌሩን አሰረው።

ማክሰኞ ጠዋት እናትየዋ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴት ናቸው፤ ምራታቸው ክንዳቸውን ደግፋ ይዛቸዋለች። ኢንስፔክተሩ ወንበር ሲስብላቸው አልቀመጥም አሉ።

«አንተ ነህ ያሰርክብኝ?»

«ምርመራው ገና ነው እማማ።»

«ልጆቼ ሁለት ናቸው። አንዱ የበረዶ ክፍል ነው፣ አንዱ እናንተ ጋ። ነገ ስድስት ሰዓት ቀብር ነው። ማን ይቅበርልኝ? ወንድሙ ገዳይ እየተባለ እኔ ብቻዬን ልቅበር?» ድምፃቸው አልጨመረም፤ ያ ነው የባሰው። «ይሄ ልጅ ወንድሙ ሲታመም ምግብ የሚተው ልጅ ነው። ተጣልተውም ቢሆን። ተሳስተሃል ልጄ።»

«ይበቃል እማዬ፣ እንሂድ» አለች ምራትየዋ፣ ግንባራቸውን እየሳመች።

ከሄዱ በኋላ ኢንስፔክተሩ የሹፌሩን ቃል አውጥቶ እንደገና አነበበው። አንድ ቦታ ላይ እንደ እሾህ ወጋው። ሹፌሩ ድምፅ ሰምቷል። ድምፁ የውሸት ቢሆንም ሰምቷል። እሺ፣ ገዳይ ነው እንበል፤ ሞተር አለ ብሎ ቱቦ የቀጠለው ያንን ድምፅ አምኖ ነው። ታዲያ ጠዋት ለምን ዝም አለች?

ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ፤ ሳጅኗን እንኳ ሳይጠራ።

ላሜራ ቀጥቃጩ ጋራዡ በር ላይ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። መግባት ስለተከለከሉ መዶሻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከውጭ ይጠብቃሉ። ኢንስፔክተሩ ይዟቸው ገባ።

«ቁልፉን ያዙሩልኝ ጋሼ።»

አዞሩት። ምንም የለም።

«ባትሪዋ አልቋል መሰለኝ» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ባትሪዋ? ዓርብ ሙሉ ቀን ስትሞላ ውላ?» ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞረው የሻንጣውን ክዳን ከፈቱት። ጥቁር የባትሪ ሣጥን አለ፣ ሣጥኑ ላይ ጡጫ የሚያህል ባዶ ቀዳዳ። እጃቸው ክዳኑ ላይ ቀረ። «መሰኪያዋስ?»

«የምን መሰኪያ?»

«ብርቱካናማ ናት፣ እንዲህ የምታህል። እዚህ ካልተሰካች መኪናዋ ሙት ናት፤ መብራትም፣ ድምፅም፣ ምንም። የእኛ ሕግ ነው፤ ከኋላ በኩል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ እሷን ይነቅላል። ካልነቀለ ይህ ሣጥን አክስሎ ነው የሚጥለው። ነቅሎ ደግሞ መሬት አያስቀምጣትም፣ ኪሱ ይከታታል። ሌላው ሳያውቅ እንዳይሰካበት። እኔ እንኳ በስተርጅና ለምጄው ሌላ ነገር ሳነሳ እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል።»

ኢንስፔክተሩ የመኪናዋ ጎን ላይ ተደገፈ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባው። መኪናዋ ሞተር እንደሌላት የማያውቅ ሰው መሰኪያ የሚባል ነገር መኖሩን ከየት ያውቃል? ደግሞስ በጭስ ሞተ ለማሰኘት የሚፈልግ የዋህ መኪናዋ እያጓራች ትቷት ይሄዳል እንጂ ዝም ባለች መኪና ላይ ቱቦ አያስርም። ይህን ያደረገው አላዋቂ መስሎ የሠራ አዋቂ ነው። ጭስ ማውጫው ሥር ሲንበረከክ ግን እጁ ሳያማክረው የለመደውን ሠራ።

«ጋሼ፣ ኪስዎን ያራግፉልኝ» አለ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ጠመኔ፣ ሁለት ብሎን፣ መነጽር፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ። ሁሉንም ኮፈኑ ላይ ዘረገፉትና «እሁድ የልጄ ቤት ነበርኩ፣ ስምንት ሰው አለልህ» አሉ። «የልጄ ልጅ ጥርስ አበቀለ።»

«እዚህ ጋራዥ መሰኪያ የሚነቅለው ሌላ ማነው?»

ሽማግሌው መዶሻቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። «አትጠይቀኝ።»

«ጋሼ፣ ነገ ቀብር ነው። ልጁ እስር ቤት ነው።»

ሽማግሌው ኮፈኑ ላይ የዘረገፉትን አንድ በአንድ ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ ያልተጠየቁትን መናገር ጀመሩ። ከወር በፊት ከዚህ ጋራዥ የወጣች ቀይ መኪና መንገድ ላይ ተቃጥላለች፤ አንድ ጡረተኛ ከነነፍሱ ነደደ። አደጋ ነው ተባለ። ሟች ግን ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆነም። ቅዳሜ የሰማያዊቷን የባትሪ ሣጥን ከፍቶ ሲያይ ዋለ።

«ቁጥሮቹ ተፍቀዋል አለኝ። ቁጥር የሚፋቀው ከተጋጨ መኪና የወጣ ባትሪ ሲሆን ነው፤ እንዲህ ያለው ውስጡ ተጎድቶ ድንገት ይነዳል። ሌሎች አምስት መኪኖች መንገድ ላይ አሉ፣ ሰኞ ሄጄ አንድ በአንድ አስቆማቸዋለሁ አለ።»

«ባትሪዎቹን የገጠመው ማነው?»

«ታውቃለህ እኮ» አሉ ሽማግሌው፤ እንባቸው ወረደ። «ለምን ታስለፈልፈኛለህ?»

የእናትየዋ ቤት ከጋራዡ አሥር ደቂቃ በእግር ነው። ኢንስፔክተሩ በመንገድ ላይ ለሳጅኗ ደውሎ አምስቱ መኪኖች ባሉበት እንዲቆሙ አዘዘ፣ እሷም እንድትከተለው ነገራት።

እናትየዋ ጓሮ ልብስ ያሰጣሉ። ምራታቸው ለቀብሩ ወንበር ልታስመጣ ወጥታለች።

«ሥራ ካልያዝኩ አብዳለሁ» አሉ ሳይጠየቁ። «ከትናንት ጀምሬ የቤቱን ጨርቅ ሁሉ አጠብኩት።»

ገመዱ ላይ ሰማያዊ የሥራ ቱታ ተንጠልጥሏል፤ እጅጌው ይንጠባጠባል።

«እማማ፣ ይህ የምራትዎ ነው?»

«አዎ። የእሁዱ ነው፣ ቅርጫት ውስጥ ጥላው አገኘሁት።»

«እሁድ? እሁድ ተኝታ አልነበረም?»

እናትየዋ መቆንጠጫውን እንደያዙ ቆሙ። «በሯ ዝግ ነበር» አሉ። «እኔም ተኛሁ። ስነሣ ሻይ አፍልታ ጠበቀችኝ… ተኝታ ነበር።»

«ቱታውን ሲያጥቡ ኪሱ ውስጥ የተገኘ ነገር አለ?»

«ኪስ ሳላይ አላጥብም። ስንት ዘመን ከጋራዥ ሰው ጋር ኖሬ!» መስኮቱ ጋ ሄደው ፈልገው ሲመለሱ እጃቸው ላይ ብርቱካናማ የፕላስቲክ መሰኪያ ይዘዋል። «ይቺ ነበረች። ለሥራዋ ትፈልጋታለች ብዬ አስቀመጥኩላት።»

ኢንስፔክተሩ ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። ይህን ነገር እየጠበቀ መጥቶ እንኳ ክው አለ። ሴትዮዋ ምን እንደያዙ አያውቁም።

የጓሮው በር ተከፈተ። ምራትየዋ ገባች፣ ከኋላዋ ሳጅኗ አለች። ምራትየዋ «እማዬ፣ ወንበሩ…» ብላ ጀመረች፣ መሰኪያውን አየች። ቀኝ እጇ ብቻዋን ተነሥታ ወደ ቀሚሷ ኪስ ሄደች። ባዶ ነበር።

ልብሱ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

«ፈትሼያቸው ነበር» አለች በመጨረሻ። የምታናግረው ኢንስፔክተሩን ሳይሆን አማቷን ነው። «አዲስ ባትሪ እስኪመጣ ስምንት ወር ጠብቁ አሉን። ከተጋጩ መኪኖች የወጡትን አንድ በአንድ ለካኋቸው። ደህና ነበሩ። እጄን አምኜ ገጠምኳቸው።»

«ምን እያልሽ ነው ልጄ?» አሉ እናትየዋ።

«እሁድ ጠርቶኝ ሄድኩ። ሰው ገድለናል አለኝ። ስድስት ወር ስጠኝ፣ በምስጢር እቀይራቸዋለሁ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ። ድምፃችን እንዳይሰማ መኪናዋን አስነሣት። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።»

እናትየዋ መሰኪያውን ጨበጡት።

«በቀዳዳ አየና ወንድሜ ነው አለ። ደስ አለው። ሁሉንም ለሱ እነግረዋለሁ፣ እሱ ያግዘኛል ብሎ ሊከፍትለት ዞረ። መፍቻው እጄ ላይ ነበር።»

«ሊከፍትለት ሲሄድ?» አሉ እናትየዋ።

«እማዬ…»

«ልጄ በር ላይ ቆሞ እያንኳኳ፣ ልጄን?»

«ቱቦውን ያሰርኩት አላዋቂ የሠራው እንዲመስል ብዬ ነው። እሱ ይታሰር ብዬ አላሰብኩም።»

«የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ። «እሱንም ከአፍሽ ያወጣሽው አንቺው ነሽ።»

እናትየዋ ምራታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፣ ከዚህ በፊት አይተዋት የማያውቁ ይመስል። ዛሬ ጠዋት ግንባራቸውን የሳመች አፍ ናት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጧትና እርጥቡን ቱታ ከገመዱ ላይ አውርደው መሬት ላይ ጣሉት። ሳጅኗ ካቴናውን ስታወጣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ያቺ ፈጣኗ ሳጅን መቆለፊያው ሁለት ጊዜ አመለጣት።

ሹፌሩ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተፈታ። ኢንስፔክተሩ ራሱ በሩን ከፍቶለት «ይቅርታ» አለው፤ ቃሉ አነሰበት፣ ሌላ ግን አላገኘም። እናትየዋ ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ። ልጃቸውን አቀፉት፣ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ዳበሱት፣ ሸሚዙን አስተካክለው ቆለፉለት።

«ማነው?» አለ ሹፌሩ። «አገኛችሁት?»

«ተይዟል» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሹፌሩ ግራ ቀኝ ተመለከተ። «እሷስ? ብቻዋን ነው የተዋችኋት? እማዬ፣ እሷን እንዴት ብቻዋን ትተያታለሽ? አሁን ከእኛ ሌላ ማን አላት?»

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን አወለቀ። ሃያ ሦስት ዓመት ለሰው መርዶ ሲናገር ኖሯል። ይህን የነገሩት ግን እናትየዋ ናቸው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ እጁን እንደያዙ፣ ሳያሳጥሩ ሳያስረዝሙ ነገሩት፤ የመፍቻውን፣ የበሩን፣ ወንድሙ ሊከፍትለት ዞሮ እንደነበር።

ሹፌሩ የጣቢያው ደረጃ ላይ ዘፍ አለ። አላለቀሰም። የጨበጠውን የእናቱን እጅ ብቻ አልለቀቀም።

«ተነሥ» አሉት እናቱ። «ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ፊትህን ታጠብ። ወንድምህን እንቅበረው።»